አላኒን፣ ሊቲየም ፎርሜት፣ ታርትሬት ወይስ ስኳር? በኢፒአር ለሚነበብ የጨረር መለኪያ ኦርጋኒክ ቁስ አመራረጥ

ስለ ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ (ኢፒአር) የጨረር ልኬት ማንበብ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚያጋጥመው የትብነት ሠንጠረዥ ነው። ይህኛው ቁስ የአላኒንን (ሌሎቹ የሚመዘኑበት አሚኖ አሲድ) እጥፍ፣ ያኛው አምስት እጥፍ ሲግናል ይሰጣል ይላል። ትልቁን ቁጥር አይቶ የመረጠ ተማሪ ወራት ደክሞ ውጤቱ አልገጥም ሲለው ጥፋቱን ከስፔክትሮሜትሩ (ሲግናሉን ከሚያነበው ማሽን) ላይ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ገና ቁሱ ሲመረጥ የተሠራ ነው።

ናሙናው ደብረ ብርሃን ተዘጋጅቶ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ጨረር ተሰጥቶት፣ ንባቡ ደግሞ በሌላ ቤተ ሙከራ ምናልባትም በሌላ አገር የሚሠራ ከሆነ፣ ከጨረር እስከ ንባብ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሳምንታት ነው። በመሃል የክረምት ርጥበት፣ የመኪና ሙቀት፣ የፖስታ ቤት መደርደሪያ አለ። ስለዚህ ቁሱ የያዘውን ሲግናል እስከ ንባቡ ቀን ሳያጎድል ይቆያል ወይ የሚለው ጥያቄ ከትብነት ይቀድማል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ዘዴው ምን ይቆጥራል?

ጨረር በኦርጋኒክ ክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ የኬሚካል ትስስሮችን ይበጥሳል፤ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከመ ነጻ ራዲካል ይቀራል። ፈሳሽ ውስጥ ቢሆን ራዲካሉ ወዲያው ከሌላው ተጣምሮ በጠፋ ነበር። ጠጣር ክሪስታል ውስጥ መላወሻ ስለሌለው ታስሮ ይቀመጣል። ኢፒአር የሚቆጥረው እነዚህን ነው፦ ናሙናው በማግኔት መካከል ይገባል፣ 9.5 ጊጋኸርዝ ገደማ ማይክሮዌቭ ይላክበታል፣ ማግኔታዊ መስኩ 340 ሚሊቴስላ አካባቢ ሲደርስ ራዲካሎቹ ማይክሮዌቩን ይውጣሉ። ክስተቱን ዛቮይስኪ ካዛን ውስጥ ያገኘው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው፤ አላኒንን ለጨረር ልኬት የማዋል ሐሳብ የመጣው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሁለት ጥቅሞች ለሰሜን ሸዋ ሰው ልዩ ዋጋ አላቸው። አንደኛ፣ ንባቡ ሲግናሉን አያጠፋም። በሙቀት የሚነበቡት ክሪስታሎች አንዴ ሲጋሉ መረጃቸው ይሰረዛል፤ የአላኒን እንክብል ግን ዛሬ ተነብቦ፣ ከዓመት በኋላ ሌላ ቤተ ሙከራ እንደገና ሊያነበው ይችላል። ሁለተኛው ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ወደ 72 ኪሎፓስካል ይጠጋል። በባሕር ወለል ግፊት የተስተካከለና ለአየር ክፍት የሆነ አዮናይዜሽን ቻምበር (ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥረውን ኤሌክትሪክ የሚለካ መሣሪያ) እዚህ ሲነበብ ለግፊቱ ብቻ በ1.4 ገደማ መባዛት አለበት፤ ሸዋ ሮቢት ቢወርድ ደግሞ ማረሚያው ወደ 1.17 ይቀንሳል። ይህን ደብረ ብርሃን ላይ የረሳ ሰው እውነተኛው መጠን ካነበበው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጥበታል። ጠጣር እንክብል የአየር ግፊት አያውቅም።

ከመምረጥ በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች

*የሚለካው መጠን ስንት ነው?* በካንሰር ሕክምና አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ 2 ግሬይ ገደማ ነው (1 ግሬይ ማለት አንድ ኪሎግራም ቁስ የዋጠው 1 ጁል የጨረር ጉልበት ነው)። ድንችና ሽንኩርት እንዳያቆጠቁጡ የሚሰጣቸው ከ50 እስከ 150 ግሬይ ነው። ቅመማ ቅመም ከጀርም ለማጽዳት እስከ 10 ኪሎግሬይ ይደርሳል፤ የሕክምና ዕቃ ማምከኛ የተለመደው መጠን 25 ኪሎግሬይ ነው። ከ2 እስከ 25,000 ግሬይ ያለውን ሁሉ በእኩል ብቃት የሚለካ አንድ ቁስ የለም፤ ወደዚያ የሚቀርበው አላኒን ብቻ ነው።

*ሲግናሉ በጊዜ ምን ይሆናል?* መደብዘዝ ብቻ ችግር አይደለም። አንዳንዱ ቁስ ጨረር ካገኘ በኋላ ለሰዓታት ሲግናሉ ይጨምራል፤ አንዱ ራዲካል ወደ ሌላ እየተለወጠ ነውና። በተጨመረበት ሰዓት የተነበበና ከረጋ በኋላ የተነበበ ናሙና አንድ መጠን ቢያገኙም ሁለት ቁጥር ይሰጣሉ።

*ርጥበት ምን ያደርገዋል?* ርጥበት በሁለት በኩል ይጎዳል። ክሪስታሉ ውስጥ ሲገባ ራዲካሎቹን ያላቅቃቸዋል፣ እነሱም ይጠፋሉ። ከዚያም ውሃ ማይክሮዌቭን ስለሚውጥ ናሙናው የሚገባበትን የስፔክትሮሜትሩን ክፍተት ያደነዝዘዋል፤ የተረፈውም ሲግናል አንሶ ይታያል። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ደብረ ብርሃን ውስጥ ክፍት መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ናሙና ሁለቱንም ያገኛቸዋል።

*ስፔክትረሙ ስንት መስመር አለው?* ይህ የትብነት ምስጢር ነው። የአላኒን ራዲካል አምስት መስመሮች አሉት፤ ጥንካሬያቸው 1፣ 4፣ 6፣ 4፣ 1 ነው። የምንለካው የመሃሉን ስለሆነ ከ16ቱ ድርሻ 6ቱን ብቻ፣ ማለትም ከ40 በመቶ ያነሰውን እንጠቀማለን። ሊቲየም ፎርሜት ግን ያለውን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ያከማቻል።

ከሰውነት ጋር መመሳሰሉን በተመለከተ እዚህ የተዘረዘሩት ሁሉ በዋናነት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን የተሠሩ ናቸው። ለኮባልት-60 (ጋማ ጨረር የሚያወጣ ምንጭ) እና ለሕክምና ማፋጠኛዎች ጨረር ልዩነታቸው ትንሽ ነው። ከ100 ኪሎኤሌክትሮንቮልት በታች ባለ የራጅ ጨረር ግን አላኒን ከውሃ አንጻር አሳንሶ ያነባል፤ ለዚያ ሥራ የተለየ ማስተካከያ ሳይሠሩ አይጠቀሙበት።

አላኒን

ሌሎቹ የሚመዘኑት በእሱ ነው። ደረቅ ቦታ በክፍል ሙቀት ከተቀመጠ በዓመት የሚያጣው ሲግናል ከ1 በመቶ አይበልጥም። እስከ 10 ኪሎግሬይ አካባቢ ሲግናሉ ከመጠኑ ጋር ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ከዚያ ይጎብጣል፣ ወደ 100 ኪሎግሬይ ሲጠጋ ይሞላል። ለዚህ ሁሉ ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል፤ ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲም ለኢንዱስትሪ ከፍተኛ መጠን በፖስታ ላካሄደው ማረጋገጫ የላከው አላኒን ነው። በፖስታ ተልኮ ለመመለስ የተመረጠ ቁስ መሆኑ እኛን በቀጥታ ይመለከታል።

ድክመቱ ከ5 ግሬይ በታች ይታያል። በ2 ግሬይ ሲግናሉ ከማሽኑ ረብሻ ብዙም ስለማይርቅ ቅኝቱ መደጋገም አለበት፤ ረብሻውን በግማሽ ለመቀነስ ቅኝቱ አራት እጥፍ መሆን ይኖርበታል። አንድ እንክብል ሩብ ሰዓት የወሰደ እንደሆነ ስድሳ እንክብል ሙሉ ሁለት የሥራ ቀን ማለት ነው።

ሌላው ጨረሩ በሚሰጥበት ሰዓት ያለው ሙቀት ነው። በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲግናሉ በ0.1 እና በ0.2 በመቶ መካከል ይጨምራል። በ15 ዲግሪ የተስተካከለ እንክብል በቆላ ቀትር በ35 ዲግሪ ጨረር ቢያገኝ ሦስት በመቶ ገደማ አጋንኖ ያነባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቴርሞሜትር ከናሙናው አጠገብ ያስቀምጡ፣ ይመዝግቡ፣ ያርሙ።

እንክብሉን ራስዎ ከሠሩ፦ 9 እጅ የአላኒን ዱቄት ለ1 እጅ ፓራፊን። ፓራፊኑን በሄክሴን አሟሙተው ከዱቄቱ ጋር ያሹት፣ ሄክሴኑን በጭስ ማስወጫ ሥር ያትንኑ፤ እሳት አጠገብ ፈጽሞ እንዳይሆን። የቀረውን በአጌት ሙቀጫ ፈጭተው ይንፉ፣ 60 ሚሊግራም እየመዘኑ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቅርጽ ማውጫ ይጫኑ። ጭነቱ ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ሲወጣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ጥፍር ሲነካው ዱቄት የሚያራግፍ እንክብል ይጣል፤ ከ60 ሚሊግራም 0.5 የጎደለበት ንባቡ ላይ ወደ 0.8 በመቶ ስህተት ይዞ ይመጣል። የብረት ሙቀጫ አይጠቀሙ፤ የሚረግፈው ብናኝ የራሱን ሰፊ ሲግናል ከሥር ያነጥፋል።

ሊቲየም ፎርሜት

በመስመር ቁመት ሲለካ ከአላኒን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይሰጣል። ከአላኒን ጋር ሲታገሉበት የነበረው 2 ግሬይ በዚህ ቁስ በጥቂት ደቂቃ ይነበባል፤ ከ1 ግሬይ በታችም ይሄዳል። መስመሩ 1.5 ሚሊቴስላ ገደማ ስፋት ያለው ነጠላ መስመር ስለሆነ ሞዱሌሽኑን (ሲነበብ በማግኔታዊ መስኩ ላይ የሚጨመረውን ትንሽ ንዝረት) እስከ 1 ሚሊቴስላ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ነገር ግን የምንጠቀመው ውሃ ያዘለውን ክሪስታል ነው፤ ከክብደቱ ሩቡ የክሪስታል ውሃ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አላኒንን እንደለመደ ምድጃ ውስጥ ሊያደርቀው ያስገባል፤ ዱቄቱ ነጭነቱ ሳይለወጥ ውሃውን ያጣና ሌላ ክሪስታል ይሆናል። መልኩ አንድ፣ ክብደቱ ሌላ፣ ሲግናሉ ሌላ። በተቃራኒው ርጥብ አየር ላይ ከተተወ ውሃ እየሳበ ይላሽቃል። መካከለኛ ርጥበት ባለበት በታሸገ ዕቃ ይቀመጥ፤ በየሳምንቱ ሁለት እንክብል ይመዘን፤ ክብደቱ ከተንቀሳቀሰ ያ ስብስብ ለትክክለኛ ሥራ አይሆንም።

ሊቲየም መኖሩም አይረሳ። ከተፈጥሮ ሊቲየም 7.5 በመቶ ገደማው ሊቲየም-6 ነው፤ ይህ ዝግተኛ ኒውትሮን በብርቱ ይውጣል። ኒውትሮን ባለበት መስክ የሚነበበው ቁጥር ጋማውን ብቻ አይወክልም። ለኮባልት-60 ይህ ስጋት የለም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ እንክብል እንደ አላኒን በቀላሉ ስለማይገኝ ቅርጽ ማውጫና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

አሞኒየም ታርትሬት እና ሜቲል አላኒን

ታርትሬት የአላኒንን እጥፍ ያህል ይሰጣል፣ በአንድ መስመር። ችግሩ ከጨረር በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ሲግናሉ ማደጉ ነው። ሁሉንም ናሙና ከጨረር በኋላ በእኩል ሰዓት የሚያነብ፣ ስፔክትሮሜትሩ ከጎኑ ያለ ቤተ ሙከራ ይጠቀምበታል። የሚጓዝ ናሙናም ቢያንስ ከረጋ በኋላ ስለሚነበብ ይጠቅማል፤ ሆኖም ሙቀት ሲያገኘው ቀስ በቀስ አሞኒያ ያጣል። ጠርሙሱን ሲከፍቱ ሽታው አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ ዱቄቱ መበላሸት ጀምሯል።

ሜቲል አላኒን ሰባት መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ጠባብ ስለሆኑ የመሃሉ ቁመት ከአላኒን 70 በመቶ ያህል ይበልጣል። ጥሩ ቁስ ነው፤ ግን ጭማሪው ለአላኒን የተዘጋጀውን ደረጃና ልምድ ሁሉ ትቶ ለመሄድ የሚያበቃ ሆኖ አይታየንም።

ስኳር

ስኳር ከማንኛውም ቤት ይገኛል፤ ታላቅነቱ እዚያ ላይ ነው። ማንም ሳያቅድ ጨረር ቢያመልጥ፣ በአካባቢው ካለ ወጥ ቤት የተወሰደ ስኳር ያገኘውን መጠን ይናገራል። ለትምህርትም ይህን የሚያህል የለም፦ የወንጂ ስኳር ገዝቶ፣ ግማሹን ጨረር ሰጥቶ፣ ሁለቱን ስፔክትረም ጎን ለጎን ማሳየት ለተማሪ ብዙ ገጽ ይተካል።

ለትክክለኛ ልኬት ግን ስኳር አስቸጋሪ ነው። ከአንድ በላይ ራዲካል ስላለው መስመሮቹ ተደራርበው ሰፊና ወጣ ገባ ቅርጽ ይሰጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቅርጹም ይለወጣል። ርጥበቱ ደግሞ የከፋ ነው። ክዳኑ ሳይገጠም ክረምቱን የከረመ የስኳር ጣሳ ጠጠር ሲሠራ ያላየ የለም። ያ ጠጠር የሚሠራው የቅንጣቱ ገጽ ሟሙቶ እንደገና ሲደርቅ ነው፤ በሟሟው ክፍል የነበረው ራዲካል ሁሉ ጠፍቷል። የተጋገረ ስኳር ከመጣልዎ የሚነበበው ቁጥር ከእውነተኛው መጠን ያነሰ ነው፣ ምን ያህል እንዳነሰም ማወቂያ የለም።

ስኳርን አይፍጩ። መፈጨት ራሱ ራዲካል ይፈጥራል፤ በዝቅተኛ መጠን ይህ ከጨረሩ ሲግናል ሊፎካከር ይችላል። እንዳለ ተነፍቶ፣ ተመሳሳይ ቅንጣት ተመርጦ፣ ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ወደ ኳርትዝ ቱቦ ይገባል። ከዚያው ከረጢት ጨረር ያላገኘ ናሙናም ይነበብ፤ በደንብ ያልጠራ ስኳር ከመጀመሪያውም የራሱ ሲግናል ሊኖረው ይችላል።

ራስዎ ይፈትኗቸው

የመጀመሪያው ፈተና የርጥበት ነው፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሦስት ባለ ክዳን ጠርሙሶች ይያዙ፤ በአንዱ የጠገበ የማግኒዥየም ክሎራይድ፣ በሁለተኛው የፖታሲየም ካርቦኔት፣ በሦስተኛው የገበታ ጨው ሙሙት ከታች ያድርጉ። በክፍል ሙቀት በቅደም ተከተል 33፣ 43 እና 75 በመቶ ርጥበት ይሰጣሉ። ጨረር ያገኙና የተነበቡ እንክብሎችን ውሃው ሳይነካቸው በወንፊት ላይ ያስቀምጡ፣ ከሳምንት በኋላ እነዚያኑ እንደገና መዝነው ያንብቡ። በ75 ላይ የወደቀ ቁስ ክረምትን አያልፍም።

ሁለተኛው የማይክሮዌቭ ኃይል ነው። ከ0.1 ሚሊዋት ጀምረው በእጥፍ እያሳደጉ እስከ 16 አካባቢ ያንብቡ። ሲግናሉ ከኃይሉ ስኩዌር ሩት ጋር እኩል እስከሄደ ድረስ ደህና ነው፤ መታጠፍ ከጀመረበት በታች ይሥሩ። የመታጠፊያው ቦታ ከቁስ ቁስ ይለያል፤ ለአላኒን የተመረጠውን ኃይል ለሌላው እንዳለ መገልበጥ ንጽጽሩን ያዛባል።

ሦስተኛው የመጠን መስመር። ለድንችና ለሽንኩርት ሥራ 0፣ 20፣ 50፣ 100፣ 150 እና 200 ግሬይ፣ ለእያንዳንዱ ሦስት እንክብል፣ በድምሩ 18። ለኮባልት-60 እንክብሎቹን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው አክሪሊክ ውስጥ ያስገቡ፤ ያለዚያ ገጹ ላይ ያለው መጠን ያንሳል። የምንጩን የምስክር ወረቀት ቀንም ይመልከቱ፦ ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ስለሆነ በየወሩ 1.1 በመቶ፣ በዓመት 12 በመቶ ይቀንሳል።

በንባብ ጊዜ ቱቦው ኳርትዝ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆ የራሱ ሲግናል አለው። እንክብሉ ሁልጊዜ አንድ ከፍታ ላይ ይቀመጥ፣ ቱቦውን 90 ዲግሪ አዙረው ደግመው ያንብቡ፣ አማካዩን ይውሰዱ። ሁለቱ ንባቦች በጣም ከተራራቁ ዱቄቱ በደንብ አልተፈጨም ማለት ነው። ከጎን ቋሚ የማንጋኒዝ ማመሳከሪያ ካለ የማሽኑን የዕለት ለውጥ ይይዛል፤ የአላኒን የመሃል መስመር ከማንጋኒዝ ስድስት መስመሮች በ3ኛውና በ4ኛው መካከል ይወድቃል።

| መስፈርት | አላኒን | ሊቲየም ፎርሜት | አሞኒየም ታርትሬት | ሜቲል አላኒን | ስኳር |
|---|---|---|---|---|---|
| ትብነት (አላኒን = 1) | 1 | ከ5 እስከ 7 | 2 ገደማ | 1.7 ገደማ | ከ1 በታች |
| የሚለካው መስመር | ከአምስቱ የመሃሉ | ነጠላ | ነጠላ | ከሰባቱ የመሃሉ | የተደራረበ |
| ከጨረር በኋላ | የረጋ | ክሪስታል ውሃው ከተጠበቀ የረጋ | በመጀመሪያ ሰዓታት ያድጋል | ከአላኒን ይቀራረባል | ለቀናት ይለወጣል |
| ዋና ጠላቱ | ከፍተኛ ርጥበት | ምድጃም ርጥበትም | ሙቀት | የልምድ ማነስ | ርጥበትና መፈጨት |
| የሚመች መጠን | ከ5 ግሬይ እስከ 50 ኪሎግሬይ | ከ0.5 እስከ 1,000 ግሬይ | የሕክምና መጠን | የሕክምና መጠን | ከጥቂት ግሬይ በላይ፣ ግምት |
| ወጪ | መካከለኛ | መካከለኛ፣ ብዙ ድካም | መካከለኛ | ከፍ ያለ | እዚህ ግባ የማይባል |

ለማን የትኛው?

የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርት ወይም የባሶና ወራናን ድንች ለማቆየት የሚሰጥ ጨረርን የሚያጠና፣ አላኒን ይያዝ፤ ሌላ ማማረጥ አያስፈልገውም። በ100 ግሬይ ሲግናሉ ጥርት ያለ ነው፣ ጉዞውን ይችላል፣ ውጤቱን ሌላው ዓለም ያምነዋል። ለበርበሬ ማጽጃና ለማምከኛም እንዲሁ፤ እዚያ መጠኑ ለሊቲየም ፎርሜት ከሚመቸው በላይ ነው።

የሕክምና ጨረር መጠን ለሚያረጋግጥ ጉዳዩ ይለያል፤ የሰው ሕይወት አለበት። ንባቡ በሳምንት ውስጥ የሚደርስ ከሆነና ክብደት የሚከታተል ጥንቁቅ እጅ ካለ ሊቲየም ፎርሜት ይመረጣል። ንባቡ ወር የሚዘገይ ከሆነ፣ ቅኝቱ ቢረዝምም አላኒን ይሻላል፤ በአንድ ቦታ አራት እንክብል ደርቦ አማካዩን መውሰድም ረብሻውን በግማሽ ይቀንሳል።

የማስተርስ ጥናት የሚጀምርና በጀቱ ጠባብ የሆነ ተማሪ ስኳርንና አላኒንን ጎን ለጎን ቢፈትን በቂ ሥራ አለው። ከላይ ያለው የሦስት ጠርሙስ ፈተና በደብረ ብርሃን ክረምትና በሸዋ ሮቢት ሙቀት ተደግሞ ቢሠራ ለአካባቢያችን የሚጠቅም መረጃ ይወጣዋል። አዲስ ቁስ ልሞክር የሚል ደግሞ አላኒንን በዚያው ጨረር፣ በዚያው ቀን፣ በእኩል ክብደት አብሮ ያስገባ፤ ያለ አላኒን የወጣ የትብነት ቁጥር ከማንም ሥራ ጋር አይነጻጸርም።

ናሙናው ሲላክ በዚያው ፖስታ ጨረር ያላገኙ ሦስት እንክብሎችና አስቀድሞ የታወቀ መጠን ያገኙ ሌሎች ሦስት አብረው ይሂዱ። የአየር ማረፊያ የሻንጣ ራጅ የሚጨምረው በማይክሮግሬይ ስለሚቆጠር አያሳስብም፤ እነዚህ ስድስት የሚላኩት ሙቀትና ርጥበት በመንገድ ላይ ምን እንዳደረጉ እንዲናገሩ ነው። ታሽጎ በሲሊካ ጄል (ሊቲየም ፎርሜት ካልሆነ)፣ ከፀሐይ ተከልሎ ይጓዝ። ፖስታው ላይ ጨረሩ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፣ የዚያን ሰዓት ሙቀት፣ የእያንዳንዱ እንክብል ክብደት በሚሊግራም ይጻፍ።